የአሜሪካ ወይስ የጃፓን? ለኡበር የሚሆን ያገለገለ ሴዳን

የአሌክሳንድሪያው
ሰላም ለዚህ ቤት። ለኡበርና ለሊፍት የሚሆን ያገለገለ ሴዳን ልገዛ ነው። በጀቱ 12 ሺህ ዶላር ነው፣ ሥራው በዓመት 40 ሺህ ማይል አካባቢ። በዚህ ብር ከ2016 እስከ 2018 ያለ ፎርድ ፊውዥንና ሼቪ ማሊቡ፣ ማይሉ ከ80 ሺህ በታች የሆነ፣ እንደ ልብ ይገኛል። ወደ ቶዮታ ካምሪና ወደ ሆንዳ አኮርድ ስመጣ ግን ወይ ሞዴሉ ወደ 2013 ይወርዳል፣ ወይ ማይሉ ከ120 ሺህ ያልፋል። «ጃፓን ግዛና ተገላገል» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ፤ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። የቱ ሞተር? የቱ ካምቢዮ? ምኑ ነው የሚበላሸው፣ ምልክቱስ ምንድን ነው?

ካንዴላ_ፈቺ
ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በአርማ ነው። ፊውዥን ስትል አንድ መኪና አይደለም። በጠቀስካቸው ዓመታት 2.5 ያለ ቱርቦ፣ 1.5 ቱርቦ፣ 2.0 ቱርቦና 2.0 ሃይብሪድ አለ። ሻጩ ራሱ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ስምንተኛ ምልክት ተመልከት፦ 7 ከሆነ 2.5፣ የእንግሊዝኛዋ ዲ ከሆነች 1.5 ቱርቦ፣ 9 ከሆነ 2.0 ቱርቦ፣ ዩ ከሆነች ሃይብሪድ ነው። ስልክ ደውለህ ቁጥሩን አስነብብ፤ ዲ ካሉህ መንገድህን አትጀምር።

ለምን ብትል፣ የ1.5ቱ ኢኮቡስት (ፎርድ ቱርቦ ሞተሩን የሚጠራበት ስም) ብሎክ ላይ በሲሊንደሮቹ መካከል ለማቀዝቀዣ ተብሎ ቦይ ተቆርጧል። ብሎኩና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ በሲሊንደሮቹ መካከል ጠባብ ነው። ቦዩ ሲጨመርበት ጋርኒሲዮኑ (በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ብረት ይሳሳል፤ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ኩላንት ወደ ሲሊንደሩ መስረግ ይጀምራል። ምልክቱ የኩላንቱ መያዣ ከውጭ አንድ ጠብታ ሳይፈስ መጉደሉ፣ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ማውጣቱ፣ ለጥቂት ሰከንድ ሚስ አድርጎ (አንዱ ሲሊንደር ሳይተኩስ ቀርቶ) መስተካከሉ ነው። ጋርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ አይዳንም፤ ጉድለቱ ከብሎኩ ስለሆነ ብሎኩ መቀየር አለበት። በተለይ የ2017 እስከ 2019ኙ በዚህ ይታወቃል፤ የነዚያው ዓመታት 2.0 ቱርቦም ከበሽታው ነፃ አይደለም።

2.5ቱ ሌላ ፍጥረት ነው። ዘሩ ማዝዳ የነደፈው የኤል ቤተሰብ ሞተር ነው፤ ፎርድና ማዝዳ ሽርክና በነበራቸው ዘመን የመጣ። ቱርቦ የለውም፣ ነዳጁ በቫልቮላው ጀርባ ይረጫል እንጂ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፣ ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው። ስድስት ማርሽ ካለው 6ኤፍ35 ካምቢዮ ጋር ይመጣል። ለሥራ መኪና የካምቢዮ ዘይቱን፣ ሜርኮን ኤልቪ፣ በየ30 ሺህ ማይል ቀይር። ከዚህ በላይ የቆየ ዘይት ጠቁሮ ካገኘህ ዋጋ አስቀንስበት።

ማሊቡ_ሰፈር
ማሊቡውን በአንድ አረፍተ ነገር አትቅበሩት። የ2016 እስከ 2018ቱ 1.5 ቱርቦ መደበኛ ስድስት ማርሽ ነው፤ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው ካምቢዮ) የገባው በ2019 ነው። በዋጋ ደረጃ ያን ያህል ምቾትና ያን ያህል አዲስ መኪና የሚሰጥህ ጃፓን የለም። ክፍሎቹም በየሱቁ ይገኛሉ።

ካንዴላ_ፈቺ
ካምቢዮውን አልነቀፍኩም። የዚያ ሞተር ችግር ፒስቶኑ ነው። ትናንሽ ቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ላይ ጭነት ሲበዛባቸው ድብልቁ ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ ይፈነዳል። አንድ ጊዜ እንኳ በኃይል ከፈነዳ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) የሚቀመጥበትን የፒስቶን ጠርዝ ይሰብረዋል። ጂኤም (የሼቪ አምራች) ዴክሶስ 1 ሁለተኛ ትውልድ የሚባለውን የዘይት መስፈርት ሲያወጣ አንዱ ዓላማ ይኸው ነበር፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም የበዛበት ማጽጃ ፍንዳታውን ያባብሳል። የቀድሞው ባለቤት ርካሽ ዘይት ያስሞላ ከሆነ አንተ ብትጠነቀቅም ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሶ ይሆናል።

ስለዚህ ማሊቡ የምትገዛ ከሆነ ኮምፕሬሽን አስለካ። አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ ተዘግቶ፣ ጋዙ እስከ ታች ተረግጦ ነው የሚለካው። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው 70 በመቶ በታች ከወረደ ወይም ከ100 ፒኤስአይ ካነሰ ተወው። ዘይት መሙያ ክዳኑን ሞተሩ እየሠራ ክፈትና ጭስ እንደ ጀበና ሽቅብ ከተነሳም ያው ነው።

ጋሼ_ዲናሞ
ልጆች፣ ካምሪውን ማንም አልነካውም እኮ። ከ2012 እስከ 2017 ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ 2.5 ሞተሩ 2ኤአር-ኤፍኢ ይባላል። 0ደብሊው-20 ዘይት ከነፊልትሩ 4.6 ኳርት ይወስዳል። ቱርቦ የለው፣ ቀጥታ ነዳጅ ርጭት የለው፣ ሰንሰለት ነው። ድካሙ የውሃ ፖምፓው ነው፤ ዙሪያው ላይ የደረቀ ሮዝ ዱካ ካያችሁ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። የ2012 እስከ 2014ቱ ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ ሲፋጠን የቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) መንቀጥቀጥ ይታይ ነበር። ጋዙን በስሱ ይዛችሁ ከ25 እስከ 45 ማይል ቀስ እያላችሁ ንዱት፤ ሸካራ መንገድ ላይ ያላችሁ ከመሰላችሁ እሱ ነው።

ካምቢዮው ላይ ዘይት መለኪያ ዱላ የለም። «የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚሉትን አትመኑ። በማፍሰሻው ስታወጡት ግማሹ እንኳ አይወጣም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። ልኩም በዘይቱ ሙቀት ነው የሚታየው፦ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከታች ካለው ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል። ቀዝቃዛ ሆኖ የሞላ መካኒክ አብዝቶ ወይ አሳንሶ ነው የሚለቃችሁ። ዘይቱ ቶዮታ ደብሊውኤስ ነው፤ በዚህ አትቆጥቡ።

የአሌክሳንድሪያው
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ልጠይቅዎ፤ የ2008 ወይም የ2009 ካምሪ በ6 ሺህ ገዝቼ ቀሪውን ብር ለጥገና ባስቀምጥስ?

ጋሼ_ዲናሞ
አታድርገው ልጄ። እሱ 2.4 ሞተር ነው፣ 2ኤዜድ-ኤፍኢ። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ካምሪዎች ፒስቶኑ ላይ ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ ጥላሸት ይደፍናቸዋል፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ቶዮታ ራሱ በ1,200 ማይል አንድ ኳርት ከበላ ጉድለት ነው ብሎ ለተወሰነ ጊዜ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስቶን ይቀይር ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። አንተ በዓመት 40 ሺህ ማይል ስትነዳ በዚያ ስሌት 33 ኳርት ዘይት ጨማሪ ትሆናለህ። ዋናው ጣጣ ደግሞ ዘይቱ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ይገድለዋል፣ ከዚያ የጭስ ምርመራ (ኤሚሽን) አያልፍም።

ሚስማር
እንግዲህ «ጃፓን» ሲባል ቶዮታ ብቻ እየተቆጠረ ነው። ኒሳንም ጃፓናዊ ነው! በ12 ሺህ ዶላር በጣም አዲስ ሆኖ የሚገኘው የጃፓን ሴዳን አልቲማ ነው፤ ለምን እንደሆነ ካምቢዮውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ2013 እስከ 2016 ያለው አልቲማ ሲቪቲ ላይ የብረት ቀበቶው በሁለት ሾጣጣ ፑሊዎች መካከል ይሮጣል። ዘይቱ ሲሞቅና ሲያረጅ ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይቧጭራል፤ ከተቧጨረ በኋላ ዘይት መቀየር አያድነውም። በስካነር የሚነበበው የብልሽት ኮድ ፒ17ኤፍ0 ወይም ፒ17ኤፍ1 ነው፤ ምልክቱ ከ20 እስከ 40 ማይል ባለው ፍጥነት ላይ መንዘር። ኒሳን ለነዚህ መኪናዎች የካምቢዮ ዋስትናውን ወደ 84 ወር ወይም 84 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር፤ አሁን አልቋል።

ለኡበር ኒሳን ሲቪቲ የሚገዛ ሰው የካምቢዮ ዋጋ በጎን ያስቀምጥ። ፊውዥን 2.5 ከአልቲማ ይሻላል ስል የአሜሪካ ጠበቃ ሆኜ አይደለም።

ዳላስ_ፒካፕ
ክርክሩ በሴዳን ከሆነ ጃፓን ወሰደው፣ እሺ። ወደ ፒካፕ ኑ! ከ1964 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ፒካፕ ላይ አሜሪካ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላለች፤ አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ በመጣሏ አጸፋ ነበር፣ «የዶሮ ቀረጥ» የሚባለው። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ፒካፕ የአሜሪካ ኩባንያዎች እርሻ ሆነ። የቶዮታው ቱንድራ ከፎርድ ኤፍ-150 እና ከሼቪ ሲልቨራዶ ጋር በምርጫ ብዛት የሚወዳደር አይደለም፤ በአሜሪካኖቹ ሦስት ዓይነት ካቢን፣ አራት አምስት ዓይነት ሞተር፣ ክፍሉ ደግሞ በየጀንክያርዱ።

ካንዴላ_ፈቺ
ፒካፕ አልተጠየቅንም፤ ግን አንዴ ከተነሳ ይነገር። ከ2004 እስከ 2008 ያለ ኤፍ-150 ባለ 5.4፣ በሲሊንደር ሦስት ቫልቮላ ያለው፣ ካንዴላው ከሁለት ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። ረጅሙ አፍንጫ በጥላሸት ቴስታታው ውስጥ ይጣበቅና ስትፈታው ላይኛው ክፍል ብቻ በእጅህ ይቀራል። አፈታቱ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። እያንዳንዱን ካንዴላ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ብቻ አላላ። ጉድጓዱ ውስጥ የካርቡሬተር ማጽጃ ጨምር፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ወደፊት ወደኋላ እያልክ፣ ባለመቸኮል፣ ሲከብድህ መልሰህ እያጠበቅክ አውጣ። በአየር መፍቻ የሚነካው ሰው ከመኪናህ ይራቅ። ስምንት ካንዴላ ስለሆነ አንድ ሁለት መሰበሩ አይቀርም፤ ቁራጩን የሚያወጣውን ልዩ መሣሪያ አስቀድመህ ያዝ።

ሲልቨራዶ 5.3ም ከ2007 ወዲህ የራሱ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ከስምንቱ አራቱን ያጠፋል፤ ቁጥር 1፣ 4፣ 6 እና 7። የሚጠፉት ሲሊንደሮች ላይ ያሉት ሊፍተሮች (ቫልቮላውን የሚገፉት ክፍሎች) በዘይት ግፊት የሚቆለፉና የሚከፈቱ ስለሆኑ አንዱ ታጥፎ ከቀረ መጀመሪያ ትክ ትክ ይላል፣ ቀጥሎ ሚስ ያደርጋል፣ ኮዱ ፒ0300 ወይም የዚያው ሲሊንደር ቁጥር ይሆናል። በኦቢዲ (ስካነር በሚሰካበት) መሰኪያ ላይ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ሲሊንደሮቹ እንዳይጠፉ ያደርጋል፤ የተበላሸውን ግን አይጠግንም። ጥገናው ሁለቱን ቴስታታ ማውረድ ነው፣ ቡሎኖቹ ደግሞ አንዴ ከተፈቱ አይመለሱም፣ አዲስ ይገዛል።

ጋሼ_ዲናሞ
ለፍትሕ ሲባል ይህም ይጨመር። የ2022 እና የ2023 ቱንድራ መንታ ቱርቦ ቪ6 በፋብሪካ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ቀርቶበት፣ በ2024 ወደ 102 ሺህ የሚጠጉ ቱንድራና ሌክሰስ ለጥገና ተጠርተዋል። በ2025 ደግሞ ጂኤም በ6.2 ሞተሩ ኮሎ (ዋናው ዘንግ) እና ኩሽኔት ምክንያት በአሜሪካ ብቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ጠርቷል፤ ምርመራውን ላለፉት የተሰጠው መድኃኒት ዘይቱን ከ0ደብሊው-20 ወደ 0ደብሊው-40 ማወፈር ነው። ጉድለት ሁሉንም ነው የነካው።

የድሮ ታኮማ የምትገዙም ከሻንሲው በታች ግቡ። ከ2005 እስከ 2010 ባለው ላይ የሻንሲ ዝገት ክስ ተነስቶ ቶዮታ በ2016 ስምምነት ገብቷል። ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት አካባቢ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የበሰበሰው ድምፁ ድፍን ነው። ኦሃዮ፣ ፔንሲልቬኒያና ኒውዮርክ የከረመ መኪና ጨው በልቷል።

የአትላንታዋ
እኔ ደግሞ ለኤርፖርት ሥራ ቫን ነው የማስበው። የቶዮታ ሲዬና ወይስ የዶጅ ግራንድ ካራቫን? ሲዬና ዋጋው አይቀመስም።

ካንዴላ_ፈቺ
እህቴ፣ ግራንድ ካራቫን 3.6 ከሆነ ከ2014 ወዲህ ያለውን ፈልጊ፤ ከዚያ በፊት በግራ ቴስታታ ላይ ችግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጣጣ የዘይት ፊልትሩ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ቤት ነው። በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ በአየር መግቢያው (ኢንቴክ) ሥር ተቀብሯል፤ ሲሰነጠቅ ዘይቱ በሞተሩ ሸለቆ ተጠራቅሞ ከኋላ በካምቢዮው ላይ ይወርዳል። መካኒኩ የኮሎ ሲል ነው ብሎ ካምቢዮ ሊያወርድብሽ ይችላል! መጀመሪያ በባትሪ መብራት ሸለቆውን እዪ። የአሉሚኒየም ምትክ ይሸጣል። የፊልትሩ ክዳን ላይ 25 ኒውተን ሜትር ተብሎ ተጽፏል፣ በዚያው ልክ ይጥበቅ፤ ብዙውን የሚሰብረው በጉልበት ማጥበቅ ነው። በብሩ ልዩነት ለጥቂት ዓመት ሥራ ካራቫን ያዋጣል።

ሚስማር
በነገራችን ላይ የት ነው የሚሠሩት? ካምሪ ከ1988 ጀምሮ ጆርጅታውን፣ ኬንታኪ ይገጠማል። አኮርድ ከ1982 ጀምሮ ሜሪስቪል፣ ኦሃዮ። ፊውዥኑ ግን በብዛት ከሄርሞሲዮ፣ ሜክሲኮ ነው የመጣው። የሻንሲ ቁጥሩ በ1፣ 4 ወይም 5 ከጀመረ አሜሪካ፣ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ፣ በጄ ጃፓን። «የአሜሪካ ሠራተኛ ልደግፍ» የሚል ሰው ካምሪ መግዛት አለበት ማለት ነው።

የአሌክሳንድሪያው
ካንዴላ፣ ዩ ያልከውን ሃይብሪድ ፊውዥን አላብራራኸውም። የ2017 አንድ አግኝቻለሁ፣ 74 ሺህ ማይል፣ 11,500 ይላል። ሜሪላንድ ነው ያለው።

ካንዴላ_ፈቺ
ለሥራህ ከአሜሪካኖቹ እሱ ነው የሚሻለው። 2.0 ሞተሩ ቱርቦ የለውም፣ ነዳጁም በቀጥታ አይረጭም። ካምቢዮው ሲቪቲ ቢባልም የኒሳኑ ዓይነት ቀበቶ የለውም፤ ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተርና ማርሾች ናቸው፣ በአሠራር ከቶዮታው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዲናሞና ሞተሪኖም የለውም፣ ሁለት የሚበላሽ ነገር ቀነስክ።

ሂሳቡን እንሥራው። የ2017 ፊውዥን 2.5 በመንግሥት ግምት በአማካይ በጋሎን 25 ማይል፣ ሃይብሪዱ 42 ማይል ይሄዳል። በ40 ሺህ ማይል አንዱ 1,600 ጋሎን፣ ሌላው 952 ጋሎን ይጠጣል። ጋሎኑን በ3.20 ብንይዘው በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ልዩነት ነው።

ጋሼ_ዲናሞ
ካምሪ ሃይብሪድም ያንኑ ይሠራል ልጄ፤ የ2014 ወይም የ2015፣ 41 ማይል። ማይሉ ቢበዛም አትፍራ፣ የባትሪውን ማራገቢያ ግን እይ። ከኋላ ወንበር አካባቢ የአየር መሳቢያ ወንፊት አለ፤ መንገደኛ ልብስና ኮሮጆ ይደረድርበታል፣ የውሻ ፀጉር ይደፍነዋል። ባትሪው በሙቀት ነው የሚሞተው። ወንፊቱ በአቧራ ከተሸፈነ ባትሪው ተንገላቷል ማለት ነው።

ካንዴላ_ፈቺ
ጋሼ ልክ ናቸው። ሁለቱንም እይና የተሻለ የተያዘውን ውሰድ። የፊውዥን ሃይብሪድ ካምቢዮ፣ ኤችኤፍ35፣ በተለይ በ2013 እስከ 2016ቱ፣ ውስጡ ያለ የአንድ ዘንግ ኩሽኔት ይበላል። 2017 ቢሆንም ፈትሸው። ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፋ፣ መስኮት ዝጋ፣ ከ20 እስከ 60 ማይል ቀስ ብለህ ውጣ፤ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚያጓራ ድምፅ ከሰማህ በመጀመሪያ የጎማ መሆኑን ለይ። መንገዱ ሲቀየር ድምፁ ከተቀየረ ጎማ ነው። ጋዝ ስትረግጥና ስትለቅ ከተቀየረ ካምቢዮው ነው።

ስትሄድ ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገረው፣ ደርሰህ ኮፈኑን በእጅህ ንካ፤ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን ና በለው። ኩላንቱን ቀዝቃዛ ሳለ እይ፣ ይህ መኪና ሁለት መያዣ አለው፣ አንዱ የኤሌክትሪኩ ክፍል ነው፣ ሁለቱንም። ከዚያ ስካነር ሰካ። መብራት አለመብራቱ አያሳምንህ፤ «ሬዲነስ» የሚለው ገጽ ላይ መኪናው ራሱን ከሚፈትሽባቸው ምርመራዎች ብዙዎቹ ያልተጠናቀቁ ካሉ ኮዱ ትናንት ተሰርዟል። ዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ ጠይቅ።

ማሊቡ_ሰፈር
ታይትሉንም (የባለቤትነት ወረቀቱን) እይ። ሳልቬጅ (በጉዳት ከጥቅም ውጭ የተባለ) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ የተጠገነ) የተጻፈበት መኪና ኡበር አይቀበልም። ሜሪላንድ ውስጥ ተሽጦ እዚያው ሲመዘገብ የደህንነት ምርመራ ግዴታ ነው፤ አንተ ግን ቨርጂኒያ ነህና በቨርጂኒያው ምርመራ ታልፋለህ። የሻንሲ ቁጥሩን በመንግሥቱ የሪኮል (ለጥገና የተጠሩ መኪናዎች) ገጽ አስገባ፣ ነፃ ነው፤ ያልተሠራ ሪኮል ካለ ዲለር በነፃ ይሠራል።

የአሌክሳንድሪያው
ሻጩ ቁጥሩን ላከልኝ፦ በ3 ይጀምራል፣ ስምንተኛዋ ዩ ናት። አንድ ሪኮል ክፍት ነው ይላል። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ስካነር የሚያውሰኝ በአሌክሳንድሪያ ወይም በስፕሪንግፊልድ አካባቢ ያለ ሰው አለ?

ሚስማር
ስፕሪንግፊልድ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የ12 ቮልቱን ባትሪም መለኪያ እይዝልሃለሁ፤ እዚህ መኪና ላይ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ነው ያለው፣ ሲደክም ሃይብሪዱ ሁሉ የተበላሸ ይመስል ዳሽቦርዱን በመብራት ይሞላዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.4 ቮልት በታች ካነበበ እሱን በዋጋው ላይ ተደራደርበት።